ስንዴም ጤፍም የማይገባበት ኩኪስ በማርና በጨው፦ አልሞንድ ካጣን በምን እንሥራ?

ማር_ከጮቄ (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ስንዴ፣ ጤፍ፣ ገብስ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ ሩዝ፣ አንዱም የማይገባበት ኩኪስ እንዴት ይሠራል የሚል ጥያቄ በዝቷል። አንዳንዱ ሆዱ ግሉተን፣ ማለትም ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን፣ አይችልም። አንዳንዱን ሐኪም መክሮታል። አንዳንዱ ደግሞ መሞከር ብቻ ፈልጎ ነው። ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት አሠራር ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ከአልሞንድ ዱቄት ይነሳል። አልሞንድ ደግሞ ማርቆስ ገበያ ወጥታችሁ ሰፍራችሁ የምትገዙት ነገር አይደለም፤ አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ሲገኝም ዋጋው አይቀመስም። ሰዉ አልሞንድ ሲያጣ ነገሩን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። እኔን ይሄ ያንገበግበኛል። ለውዝ አለን፣ ሰሊጥ አለን፣ ኑግ አለን፣ ማሩስ የጎጃም ማር አይደል እንዴ!

አልሞንድ እዚያ ኩኪስ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ዘይትና ፕሮቲን መስጠት ነው። ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ዘይት፣ አምስተኛው ያህል ፕሮቲን ነው። የለውዝም ዘይቱ ግማሽ ያህል ነው፣ ፕሮቲኑ እንዲያውም ትንሽ ይበልጣል፣ ወደ ሩብ ይጠጋል። ስለዚህ አንዱ በሌላው ቦታ ይገባል። የሚለየው ጣዕሙ ነው፤ ለውዝ ጣዕሙ ጠንከር ይላል፣ ጠንካራ ጣዕም ደግሞ ከጨው ጋር ይስማማል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 250 ግራም ለውዝ በስሱ ቁሉ፣ ገለባውን አሽታችሁ አንፍሱ። በደንብ ይቀዝቅዝ፣ በትኩሱ አትፍጩት። በቡና መፍጫ ከሆነ ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ፣ ነካ አድርጋችሁ ለቀቅ፣ ነካ አድርጋችሁ ለቀቅ። ካበዛችሁት ዘይቱ ይወጣና የለውዝ ቅቤ ይሆንባችኋል። ሻካራ ዱቄት ሲሆን ይበቃዋል። በዚህ ላይ 50 ግራም የተቆላ ሰሊጥ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ጨው፣ ከሩብ የሻይ ማንኪያ ያልበለጠ ቤኪንግ ሶዳ ጨምራችሁ አዋህዱ። ከዚያ 100 ግራም ማር፣ በሾርባ ማንኪያ 5 ያህል ይሆናል፣ እና እንቁላል። የፈረንጅ እንቁላል ከሆነ አንድ ይበቃል። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል አነስ ስለሚል አንድ ሙሉ አድርጉና የሌላኛውን አስኳል ብቻ ጨምሩበት።

ሊጡ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ አትደንግጡ፣ ደግሞ ዱቄት አትጨምሩበት። ግማሽ ሰዓት ቀዝቃዛ ቦታ ይረፍ። እጃችሁን በውኃ እያራሳችሁ አድቦልቡሉት፣ 20 ያህል ይወጣዋል፣ ጫን ጫን አድርጉትና ያልተፈጨ ጨው ከላይ ነስንሱ። 160 ዲግሪ፣ ከ12 እስከ 14 ደቂቃ። ማር ያለበት ነገር ከስኳሩ ቶሎ ይጠቁራል፣ 180 ላይ ካደረጋችሁት መሃሉ ሳይደርስ ዳሩ ያርራል። ሲወጣ ገና ለስላሳ ነው። ግሉተን ስለሌለው በትኩሱ የሚያያይዘው ነገር የለም፣ ካነሳችሁት ይፈረካከሳል። ትሪው ላይ እንዳለ 10 ደቂቃ ተዉት፣ ራሱ ይጠነክራል።

የከፍታውንም ነገር አስቡበት። ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ባሕር ዳር 1,800 ገደማ። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤኪንግ ሶዳው የሚያወጣው ጋዝ አብዝቶ ያብጣል፣ ኩኪሱ ይነፋና ተመልሶ ይዘረጋል። እርጥበቱም ቶሎ ይተናል። የውጭ አሠራር አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ካላችሁ እኛ ጋ ያንን ያህል አትጨምሩ።

ጨውን በተመለከተ ልመና አለኝ። እባካችሁ አትቀንሱት። ጨው መራራ ጣዕምን ይጫነዋል፣ መራራው ሲደበቅ ጣፋጩ ጎልቶ ይወጣል። የተፈጨው ሊጡ ውስጥ ሟሙቶ ሁሉም ጋ እኩል ይዳረሳል። ከላይ የሚነሰነሰው ግን ጥርስ ስር መገኘት አለበት፤ መጀመሪያ ጨው፣ ቀጥሎ ማር፣ ከዚያ ለውዙ። ሊጡ ውስጥ የሚገባው አዮዲን ያለበት የታሸገው ይሁን። ከላይ ለሚነሰነሰው የገበያውን ያልተፈጨ ጨው ሙቀጫ ውስጥ ሁለቴ ሦስቴ ነካ ነካ ማድረግ ነው።

ማኛ_ጤፍ (ቢቸና)

እህቴ እጅሽ ይባረክ። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ጤፍ ግሉተን የለውም ይባላል። እኛ የጤፍ አገር ሰዎች ነን፣ ጤፉን ትተን ለውዝ የምንቆላው ለምንድን ነው? ለክርክር አይደለም፣ ሚስቴ ስንዴ ስትበላ ሆዷን ስለሚነፋት ነው የምጠይቀው።

ማር_ከጮቄ (ደብረ ማርቆስ)

ልክ ነህ ወንድሜ። ጤፍ ግሉተን የለውም። ዳጉሳም፣ በቆሎም፣ ማሽላም የላቸውም። ግሉተን ያለው ስንዴና ገብስ ነው፣ ውጭ አገር ራይ የሚሉት እህል ጭምር። ባለቤትህን የሚያስቸግራት ግሉተን ብቻ ከሆነ በጤፍ ዱቄት ሠርተህ አብላት፣ በጣም ይጥማል። ይሄ የእኔ ጤፉንም ዳጉሳውንም ጭምር ለተዉ ሰዎች ነው። እነሱም አሉ፣ ለእነሱም ኩኪስ ያስፈልጋቸዋል።

ጤና_ይቅደም (ፍኖተ ሰላም)

በጤና ሙያ ላይ ነኝና እዚህ ላይ ልግባ። ጤፉ ራሱ ንጹሕ ነው፣ ችግሩ ወፍጮ ቤቱ ነው። ከእናንተ ፊት ስንዴ ያስፈጨ ሰው ካለ ድንጋዩ ላይ የቀረው የስንዴ ዱቄት የእናንተ ጤፍ ውስጥ ይገባል። ሆዱ ትንሽ ለሚነፋው ሰው ይሄ ላይሰማው ይችላል። ሴሊያክ የሚባለው፣ ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ ላለበት ግን ትንሿም ትጎዳዋለች። እንዲህ ያለ ሰው ቤት ካለ ወይ ወፍጮው ሌላ ግሉተን የሌለው እህል ከፈጨ በኋላ ተራ መጠበቅና የመጀመሪያውን ዱቄት ለሌላ ሰው መስጠት፣ ወይ ቤት ውስጥ መፍጨት ነው። ደግሞ ማኛ_ጤፍ፣ ባለቤትህ ስንዴውን ሙሉ በሙሉ ከማቆሟ በፊት ትመርመር። ስንዴ ካቆሙ በኋላ የሚደረግ የደም ምርመራ ሊያታልል ይችላል።

ማኛ_ጤፍ (ቢቸና)

ይሄን አላውቅም ነበር። እግዜር ይስጥልኝ። እናስመረምራታለን።

ዳንግላ_ላይ (ዳንግላ)

ልጆች፣ ግብጦን ያነሳ ሰው አጣሁ። ግብጦ ሲባል ሰዉ የሚያስበው አረቄ ቤት የሚቀርበውን ብቻ ነው። እኛ አዊና ምዕራብ ጎጃም ላይ ሌላ ነገር እንቢ ባለ መሬት ላይ የሚበቅልልን እሱ ነው። ከክብደቱ ሲሶ የሚያልፈው ፕሮቲን ነው፣ ግሉተን የለውም። ባለቤቴ ከለውዝ ጋር ቀላቅላ ይሄንኑ ኩኪስ ትሠራዋለች፣ የልጅ ልጆቼ የስንዴውን ትተው እሱን ነው የሚጠይቁት።

አሠራሩን ግን ተጠንቀቁ። ግብጦ በጥሬው መራራ ነው፣ መራራ ብቻ ሳይሆን ይመርዛል። ይቆላል፣ ከዚያ ይዘፈዘፋል። ወንዝ አጠገብ ያለ ሰው በከረጢት ቋጥሮ ወራጅ ውኃ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ወንዝ የሌለው ጠዋትና ማታ ውኃውን እየደፋ ይቀይራል። ቀናት ይወስዳል። ስንት ቀን ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ እንደ ውኃው ነው፣ ማብቂያውን የሚነግራችሁ ምላስ ነው። አንድ ፍሬ አላምጡና ምሬት ካለው ትፉት፣ እንደገና ወደ ውኃ። ምሬቱ ጨርሶ ከወጣ በኋላ ልጣጩን ግፈፉት፣ ፀሐይ ላይ አስጡት፣ ክው ብሎ ሲደርቅ በሙቀጫ ወይም በመፍጫ ይደቃል።

ግብጦ ዘይቱ ከለውዝ በጣም ያነሰ ነው፣ ፈሳሽ ደግሞ ይጠጣል። ስለዚህ ብቻውን አይሆንም፣ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። ከ250 ግራሙ ለውዝ 80 ግራም አውጡና በቦታው 80 ግራም የግብጦ ዱቄት አግቡ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ለጋ ቅቤ ጨምሩ፣ ሊጡን ግማሽ ሰዓት ሳይሆን አንድ ሰዓት አሳርፉት። ጨውን በተመለከተ ልጄ ማር_ከጮቄ ያለችው ትክክል ነው። ግብጦ ያለ ጨው ምንም አይደለም፣ ከጥንትም በጨው ነው የሚበላው።

ማር_ከጮቄ (ደብረ ማርቆስ)

አያ፣ እድሜ ይስጥልኝ! ይሄን ነበር የምፈልገው። ቀለሙስ እንዴት ይሆናል? ለውዝ ብቻውን ሲሆን ቡናማ ነው የሚወጣው።

ዳንግላ_ላይ (ዳንግላ)

ወርቃማ ቢጫ ይሆናል። ግብጦው ብዙ ካልተቆላ ነው ታዲያ። አብዝተሽ ከቆላሽው ይጠቁርና ጣዕሙም ይከብዳል።

ጤና_ይቅደም (ፍኖተ ሰላም)

አያ የተናገሩት ላይ ሁለት ነገር ልጨምር፣ ይቅርታ ይደረግልኝ። ምሬቱ ያልወጣ ግብጦ የበላ ሰው አፉ ይደርቃል፣ ዓይኑ ይደበዝዝበታል፣ ያዞረዋል። ይህን ያየ ሰው ቶሎ ወደ ሕክምና ይሂድ። ሁለተኛው፣ ለውዝ አለርጂ ያለበት ሰው ግብጦም ሊቆጣው ይችላል፣ ሁለቱ በዘር ይቀራረባሉ። ስለዚህ ለውዝ የማይስማማውን ልጅ በግብጦ ልተካለት እንዳትሉ።

ለውዙን ራሱንም በደንብ ልቀሙት። የሻገተ፣ የተጨማደደ፣ ቀለሙ የተለወጠ ፍሬ ሁሉ ይውጣ። አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ከሻጋታ ነው የሚመጣው፣ ጉበት ይጎዳል፣ የምድጃ ሙቀት ደግሞ አያጠፋውም። "ይቆላ የለም እንዴ" እያሉ የሚያልፉ ሰዎች አይቻለሁ። መቆላት አያድነውም፣ መልቀም ነው። ከመተከል በኩል በየመኸሩ አዲስ ለውዝ ይገባል፣ ከአሮጌው እሱን ምረጡ፣ ሻጩ እርጥበት ያለበት ቦታ የሚያከማች ከሆነ እለፉት።

የባሕር_ዳር_እናት (ባሕር ዳር)

እኔ የመጣሁት በዚሁ በአለርጂ ጉዳይ ነው። ትልቁ ልጄ ለውዝ አይነካም፣ ፊቱ ያብጥበታል። ስለዚህ በለውዙ ቦታ የሱፍ አበባ ፍሬ ፈልፍዬ ፈጭቼ ሠራሁ። ጣዕሙ በጣም ጥሩ ነበር። ግን ሲቀዘቅዝ ውስጡ አረንጓዴ ሆነ! ቆርሼ ሳየው ፍጹም አረንጓዴ። ሻጋታ መስሎኝ ልጆቹን ከለከልኩ። በአንድ ሌሊት ሻጋታ ይመጣል እንዴ? የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፣ ልጄ እየጠየቀኝ ነው።

ማር_ከጮቄ (ደብረ ማርቆስ)

እሙዬ አትጨነቂ፣ ሻጋታ አይደለም፣ ይበላ። የሱፍ አበባ ፍሬ ውስጥ ክሎሮጀኒክ አሲድ የሚባል ነገር አለ። ቡና ውስጥም ያለው እሱ ነው። ቤኪንግ ሶዳ ሲያገኘው፣ ሙቀትና እርጥበት ሲጨመርበት ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ሲቀዘቅዝና ሲያድር ይብሳል። ጉዳት የለውም፣ መልኩ ነው እንጂ።

እንዳይመጣ ከፈለግሽ ሶዳውን ቀንሺና ሊጡ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጨምሪ። ኮምጣጣው ነገሩን ያስተካክለዋል። ወይም ሶዳውን ጭራሽ ተዪው፤ ይሄ ኩኪስ ብዙ መነፋት አይፈልግም፣ ጠፍጠፍ ብሎ ቢወጣ ጣዕሙ ያው ነው። ቤኪንግ ፓውደር ግን ስትገዢ ጀርባውን አንብቢ፣ አብዛኛው ውስጥ የበቆሎ ስታርች አለ። ግሉተን ብቻ ለሚከለከል ሰው ችግር የለውም፣ በቆሎንም ለተወ ሰው ግን አይሆንም።

የባሕር_ዳር_እናት (ባሕር ዳር)

ተመስገን! ያስቀመጥኩትን አወጣሁላቸው፣ ተናጥቀው ጨረሱት። አረንጓዴውን ነው የወደዱት። ሎሚ እንዳልጨምርበት እየለመኑኝ ነው። ትንሿ ልጄ ደግሞ ገና 9 ወሯ ነው፣ በሻይ አሟሙቼ ባቀምሳትስ?

ጤና_ይቅደም (ፍኖተ ሰላም)

ለ9 ወሯ አይሆንም እህቴ። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም፣ ኩኪስ ውስጥ ገብቶ የተጋገረም ቢሆን። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል የባክቴሪያ ዘር አለ፣ የትልቅ ሰው ሆድ ያሸንፈዋል፣ የሕፃን ሆድ ግን ገና አቅም የለውም፣ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ ሕመም ያመጣል። የኦቭን ሙቀትም ዘሩን አይገድለውም። ሻዩም ይቅርባት፣ ደሟን የሚሠራላትን ብረት ከምግቡ እንዳታገኝ ያደርጋል። ዓመቷን ትሙላና ትደርስበታለች።

የሞጣዋ (ሞጣ)

ይሄ ሁሉ 160 ዲግሪ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ኦቭን የለኝም። መብራትም ሲሻው ይመጣል ሲሻው ይሄዳል። በምጣድ ወይም በከሰል የሚሠራ ካለ አስረዱኝ እስቲ፣ ኩኪስ የኦቭን ላለው ብቻ መሆን የለበትም።

ማር_ከጮቄ (ደብረ ማርቆስ)

እውነትሽን ነው፣ አስቀድሜ መጻፍ ነበረብኝ። እኔ በከሰል የሚሠራውን ከኦቭኑ አላሳንሰውም።

ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት ተደርጎበት ሲጋገር አይተሻል። ያው ነው፣ እሳቱ ግን በጣም ይቀንሳል። ወፍራም ድስት ውሰጂ፣ ታቹ ላይ ሦስት ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጪ። ኩኪሱን በሳህን ወይም በትንሽ ትሪ አድርገሽ ድንጋዮቹ ላይ አሳርፊው፣ የድስቱን ታች እንዳይነካ። ክዳኑን ግጠሚና ከታች ጥቂት ፍም፣ ከላይ ክዳኑ ላይ በርከት ያለ ፍም። ከታች ካበዛሽ ያርራል። 10 ደቂቃ ሳይሞላ አትክፈቺው፣ ከዚያ በኋላ በየሁለት ደቂቃው እያየሽ። የለውዙ ሽታ ቤቱን ሲሞላው ደርሷል ማለት ነው።

በኤሌክትሪክ ምጣድ ከሆነ ምጣዱ ይስማ፣ ከዚያ አጥፊው። በቀረው ሙቀት ነው የሚጋገረው። እዚህም ትሪው ምጣዱን በቀጥታ አይንካ፣ አክንባሎውን ግጠሚበት። ላዩ እንደ ከሰሉ አይቀላም፣ ግን ይበስላል። ከመሃል ከቀዘቀዘ ለአጭር ጊዜ መልሰሽ አብሪው።

የሞጣዋ (ሞጣ)

ኮባ ላንጥፍበት? የመጋገሪያ ወረቀት እዚህ የለም።

ማር_ከጮቄ (ደብረ ማርቆስ)

ኮባ ለድፎ ዳቦ ነው። እርጥበት ይሰጣል፣ ዳቦው የሚያምረው በእሱ ነው። ኩኪስ ግን ታቹ መድረቅ አለበት፣ ኮባ ላይ ካደረግሽው ታቹ ይረጥባል። ሳህኑን ቅቤ ወይም ዘይት ቀብተሽ ላዩ ላይ ሰሊጥ ነስንሺበት፣ አይጣበቅም፣ ታቹም ሰሊጥ ለብሶ ይወጣል።

ደምበጫ_ነኝ (ደምበጫ)

ጾም ሲገባስ? እንቁላልና ቅቤ ሊወጣ ነው። እኔ ደግሞ ኩኪስ የምወደው በጾም ነው፣ ከሻይ ጋር። ከዚህ ሌላ ኑግን ማንም ሳያነሳው ማለፉ ገርሞኛል። ልጆች እያለን ኑግ ተቆልቶ በሙቀጫ ተወቅጦ፣ ከቆሎ ጋር በጨው ጭብጦ ይሠራልን ነበር። ጨውና የኑግ ዘይት ሲገናኙ የሚመጣውን ጣዕም የሚያውቅ ያውቀዋል። ቆሎውን አውጥቶ ማር ማግባት አይቻልም?

ማር_ከጮቄ (ደብረ ማርቆስ)

በደንብ ይቻላል! ጭብጦን ስላነሳህ ደስ አለኝ። የቅባት እህልና ጨው አንድ ላይ ማድረግን የተማርነው ከሰው አገር አይደለም፣ ይሄን ለልጆቻችን መንገር አለብን።

ኑግ ገለባው ጠንካራ ነው። ስለዚህ በደንብ ይወቀጥ፣ ከዚያ በወንፊት ይነፋ፣ አለበለዚያ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ብቻውን ከሆነ ጥቁር ብሎ ይወጣል፣ ምሬትም ይኖረዋል። ስለዚህ ከለውዙ አንድ እጅ አውጥተህ አራት እጅ ለውዝ፣ አንድ እጅ ኑግ ብታደርገው ይበቃል። ጨውን እዚህ ላይ ትንሽ ከፍ አድርገው።

ለጾሙ ደግሞ በእንቁላሉ ቦታ ተልባ። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተቆላና የተፈጨ ተልባ በ3 የሾርባ ማንኪያ ውኃ በጥብጠህ ሩብ ሰዓት ተወው፣ ይዝለገለጋል፣ ያ አንድ እንቁላል ተካ ማለት ነው። የሚይዘው ግን እንደ እንቁላሉ ጠንክሮ አይደለም። ስለዚህ ትንንሽ አድርገህ አድቦልብለው፣ ሦስት ደቂቃ ያህል ጨምርለት፣ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አትንካው።

ኑግ ሲያብብ አካባቢው ሁሉ ቢጫ የሚሆነው፣ ኅዳር ላይ የሚቆረጠው ማር ከዚያው አበባ ነው። የኑጉን ኩኪስ በዚያ ማር ብትሠራው ሌላ ነው፣ እኔ ይሄን በጣም እወደዋለሁ። ማሩ ከጠጠረ ዕቃውን ሙቅ ውኃ ውስጥ አስቀምጠው፣ እሳት ላይ በቀጥታ አትጣደው።

ጨው_አስተካክሉ (ቡሬ)

ሁሉንም እስማማለሁ፣ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ጨው ከላይ የሚነሰነሰው ከመጋገሩ በፊት አይደለም። እኔ ዳቦ ቤት ነው የምሠራው። አስቀድማችሁ ከነሰነሳችሁት ከሊጡ እርጥበት ይስብና ግማሹ ይሟሟል፣ ያ ጥርስ ስር መገኘት አለበት ያላችሁት ይጠፋል። ልክ ከምድጃ እንደወጣ ላዩ ገና እርጥብ እያለ ነው መነስነስ፣ ያኔ ይጣበቃል፣ ሳይሟሟም ይቀራል።

ማር_ከጮቄ (ደብረ ማርቆስ)

ወንድሜ፣ በኋላ ሲነሰነስ የሚራገፍ ይመስለኛል። ሳጥን ውስጥ ገብቶ ሲንቀሳቀስ ጨዉ ሁሉ ታች ይቀራል። በፊት ሲሆን ግን ጫን ስለሚደረግ ይዞ ይቀራል።

ጨው_አስተካክሉ (ቡሬ)

ወዲያው የሚበላ ከሆነ በኋላ ይነስነስ። የሚቀመጥ ወይም የሚላክ ከሆነ በፊት፣ ግን ምድጃ ሊገባ ሲል ብቻ፣ ጨዉም ጠጠር ያለ ይሁን። ነስንሶ ግማሽ ሰዓት ማስቆየት ነው የሚያጠፋው። መጠኑንም በማንኪያ አትለኩት። አንድ ማንኪያ የተፈጨና አንድ ማንኪያ ጠጠር ጨው ክብደታቸው አንድ አይደለም፣ የተፈጨው ይበዛል። በሁለት ጣት ቆንጥሮ ከፍ ካለ ቦታ በተን ማድረግ ነው። ከቅርብ ከሆነ አንድ ቦታ ይቆለላል፣ አንዱ ኩኪስ ይመራል፣ ሌላው ባዶ ይሆናል።

ማር_ከጮቄ (ደብረ ማርቆስ)

ይሄ ተስማምቶኛል። ከፍ አድርጎ መበተኑን በተለይ ሁሉም ሰው ይያዝ።

ማኛ_ጤፍ (ቢቸና)

አባቴ ስኳር አለበት። ስኳር ሳይገባ በማር ስለሆነ ለእሱ ይሆናል ማለት ነው?

ጤና_ይቅደም (ፍኖተ ሰላም)

ማርም ስኳር ነው ወንድሜ፣ ይሄን ሳልጠቅስ ባልፍ ጥፋት ይሆናል። ደም ውስጥ ሲገባ ያው ስኳር ነው የሚሆነው። የዚህ ኩኪስ ጥቅሙ የእህል ዱቄት ስለሌለው፣ ለውዙም ቅባትና ፕሮቲን ስላለው ከስንዴው ኩኪስ ይልቅ ስኳሩን በዝግታ የሚያወጣ መሆኑ ነው። ማሩን ወደ 60 ግራም አውርዱትና አንድ ፍሬ ከምግብ በኋላ ይብሉ፣ ከዚያ ለኩላቸው። ግፊትም ካለባቸው የላዩን ጨው ተዉት። መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሐኪማቸውን ጠይቁ።

ማኛ_ጤፍ (ቢቸና)

እሺ፣ አንድ ፍሬ ብቻ። አንድ ይበቃቸዋል፣ ዋናው ከልጆቹ ጋር አብረው መብላታቸው ነው።

የደጀኗ (አዲስ አበባ)

እኔ አዲስ አበባ እየተማርኩ ነው፣ እናቴ ደጀን ናት። ይሄን ሁሉ አነበብኩላት። ሠርታ በአውቶቡስ ልትልክልኝ ነው። ስንት ቀን ይቆያል? ክረምት ስለሆነ እንዳይበላሽ ፈርታለች። ደግሞ ለውዝ በዘሩ ጥራጥሬ ነው ብላ አንዷ ጓደኛዬ ነገረችኝ፣ እሷ ጥራጥሬም ትታለች፣ ለእሷስ ምን ይሁንላት?

ማር_ከጮቄ (ደብረ ማርቆስ)

ጓደኛሽ ልክ ናት። ለውዝ ጥራጥሬ ነው፣ ግብጦም እንደዚሁ። ለእሷ የሱፍ አበባው ይሠራላት፣ ሰሊጡን እጥፍ አድርገው፣ ሎሚዋን ሳይረሱ።

ለመንገዱ እንዲህ አድርጉ። ኩኪሱ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፣ በትኩሱ ከታሸገ ያልበዋል። ማር ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ላዩ ያለው ጨውም እንደዚያው፣ በክረምት ሁለት ቀን አየር ላይ ከዋለ ይለሰልሳል። ስለዚህ ክዳኑ ጥብቅ ያለ ጣሳ፣ በየደርቡ መሃል ወረቀት። እንዲህ ሆኖ አንድ ሳምንት ያህል ጣዕሙ አይለወጥም። ከዚያ በኋላ የለውዙ ዘይት ይሸታል፣ ሽታው ከተለወጠ አትብሉት። ለስልሶ ከደረሰሽ 150 ላይ 5 ደቂቃ መልሰሽ አግቢው፣ ትሪው ላይ እንዳለ ይቀዝቅዝ፣ እንደገና ይደርቃል።

የደጀኗ (አዲስ አበባ)

ኦቭን የለኝም፣ በምጣድ አደርገዋለሁ። እናቴ ጨዉን ከመጋገሩ በፊት ነው የምታደርገው ማለት ነው?

ጨው_አስተካክሉ (ቡሬ)

አዎ፣ ለመንገድ ከሆነ በፊት። ምድጃ ሊገባ ሲል ነስንሰው በመዳፋቸው ቀስ ብለው ጫን ያድርጉት። ጣሳውን ደግሞ እስከ አፉ ይሙሉት፣ ክፍት ቦታ ካለ በመንገዱ እየተጋጨ ይፈረካከሳል።

የደጀኗ (አዲስ አበባ)

እሺ፣ አሁኑኑ ደውዬ እነግራታለሁ። ለውዙን ዛሬ ገዝታ እየለቀመች ነው።